የደጋ ሰው መሆን ለኩስኮ አይበቃም

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፤

ወደ ፔሩ ለመጓዝ የሚያቅዱ ወገኖቻችን «እኛ ደገኞች ነን» እያሉ የከፍታውን ነገር ችላ ሲሉ ስለምሰማ ይህን አጭር አስተያየት ልኬያለሁ። የጥንቶቹ የፔሩ ገዢዎች፣ የኢንካዎች፣ መናገሻ የነበረችው ኩስኮ 3,400 ሜትር ገደማ ላይ ስለምትገኝ ሱሉልታን ቀርቶ የእንጦጦን ጫፍ ትበልጣለች፤ የኢንካዎቹ ጥንታዊ ከተማ ፍርስራሽ የሆነው ማቹ ፒቹ ግን፣ ብዙዎች ከሚገምቱት በተቃራኒ፣ ከ2,430 ሜትር ብዙም አያልፍም። ስለዚህ ኩስኮ እንደደረሱ በቀጥታ ዝቅ ወዳለችው የኦላንታይታምቦ ከተማ ወርዶ ጥቂት ሌሊት ማደርና ኩስኮን ለመጨረሻ ማቆየት ይሻላል። ደረቁ ወቅት ከሜይ እስከ ሴፕቴምበር ነው፤ እኛ በዝናብና በጭቃ በምንቸገርበት ጊዜ መሆኑ ደግሞ ሌላ ማበረታቻ ነው። በእግር የሚኬድበት የኢንካ መንገድ በፌብሩዋሪ ለጥገና ይዘጋል። የማቹ ፒቹ ዕለታዊ የጎብኚ ቁጥር የተወሰነ በመሆኑም፣ የአውሮፕላን ቲኬት ከመቁረጥ በፊት የመግቢያውን ማረጋገጥ ያስፈልጋል።

አንባቢያችሁ፣ ከሱሉልታ