እማዬ ስኳርሽን ተለኪልኝ

እማዬ እንዴት አለሽልኝ፣ እኔ አልሀምዱሊላህ ደህና ነኝ። በስልክ ልነግርሽ ስል ወሬ እየቀየርሽ "እኔ ምንም አልሆንኩ፣ ይልቅ አንቺ በደንብ ብይ" ትይኛለሽ፣ ለዛ ነው የጻፍኩልሽ፣ እህቴ ቀስ ብላ ታንብብልሽ።

ባለፈው ሌሊት 3ም 4ም ጊዜ ለሽንት እነሳለሁ፣ ውሃ ከራስጌዬ አይለይም፣ ቀሚሱም ሰፋኝ ስትይኝ ወላሂ እንቅልፍ አልወሰደኝም። እኔ እኮ ይሄን ነገር እዚህ ኩዌት በየቀኑ ነው የማየው። የምሰራበት ቤት የምንከባከባቸው አሮጊት፣ ማማ፣ ስኳር አለባቸው። ከሱብሂ በኋላ ምንም ሳይቀምሱ ጣታቸውን ወጋ አድርጌ በአንዲት ጠብታ ደም ማሽኗ ላይ ቁጥሩን አያለሁ፣ ከዛ ኢንሱሊኑን ሆዳቸው ላይ እወጋቸዋለሁ፣ ማታ ደግሞ እግራቸውን አጥቤ በየጣቱ መሀል በስልኬ መብራት አያለሁ። የቀኝ እግራቸው ትንሿ ጣት የለችም እማዬ። ጫማ ልጧቸው ነው አሉ የጀመረው፣ ስኳሩ እግራቸውን ስላደነዘዘው ቁስሉ ሳይሰማቸው ውስጥ ውስጡን ሄደ።

ኩዌት ውስጥ ይሄ በሽታ የሌለበት ቤት ማግኘት ከባድ ነው። የዓለም አቀፉ የስኳር በሽታ ፌዴሬሽን 2021 ላይ ባወጣው ግምት ከ4 አዋቂ አንዱ ጋ አለ። እኛ ቤት እንኳን ከማማ ሌላ ሁለት ልጆቻቸው ኪኒን ይውጣሉ። ከቤት መኪና ከመኪና ቤት ነው፣ በጋውን ሙቀቱ አያስወጣም፣ ሩዙ በትሪ ነው፣ ሻዩም በስኳር፣ በዘርም ይወርዳል።

አንቺ "እሱ የሀብታም በሽታ ነው" እንደምትይ አውቃለሁ፣ ግን አይደለም። ያኔ በዛው ዓመት እኛ ሀገር ወደ 2 ሚሊዮን የሚጠጋ አዋቂ ስኳር አለበት ተብሎ ነበር፣ አፍሪካ ውስጥ ደግሞ ካለባቸው ከግማሽ በላይ የሚሆኑት እንዳለባቸው እንኳን አያውቁም። እኔን ከኩዌቱ ቁጥር በላይ የሚያስፈራኝ እሱ ነው፣ ማማ ቢያንስ ማሽን አላቸው፣ ዛሬ ስንት እንደሆነ እናውቃለን። አጎቴ እግሩ ሲቆስል ግን መተት ነው እየተባለ ስንት ቦታ ተዞረ፣ አንድ ቀን እንኳን ስኳሩን የለካው ሰው ነበር? እስከዛሬ ያንገበግበኛል።

የሽፈራው ቅጠል እየጠጣሁ ነው ብለሽኛል፣ ተይው አልልሽም፣ ግን መጀመሪያ ቁጥሩን እንወቅ። እራትሽን በጊዜ ብይ፣ ከዛ በኋላ ውሃ ብቻ፣ ጠዋት ሻይም ቡናም ሳትቀምሺ ጤና ጣቢያ ሂጂ። ከ100 በታች ከሆነ አልሀምዱሊላህ፣ 126ና ከዛ በላይ ከሆነ ደግመው ይለኩሻል፣ የሶስት ወሩን አማካይ ስኳር የሚያሳየውንም የደም ምርመራ ካላቸው እንዲሰሩልሽ ጠይቂ። ቢገኝብሽም አትደንግጪ፣ ማማ ከተገኘባቸው 20 ዓመት አልፏቸው ዛሬም የልጅ ልጆቻቸውን ይቆጣሉ፣ እኔም መርፌውንም እግር ማየቱንም ለምጄዋለሁ፣ ለእህቴ በቪዲዮ አሳያታለሁ።

ብር ልኬያለሁ፣ ለቆርቆሮው አይደለም ለምርመራው ነው፣ እባክሽ ለሌላ እንዳታውይው። ሐሙስ ገበያ ነው እንዳትይኝ እሮብ ሂጂ። ወረቀቱን እህቴ ፎቶ አንስታ በኢሞ ትላክልኝ፣ ማታ ከ4 ሰዓት በኋላ ማማ ሲተኙ ስልኬን ይዤ እጠብቃለሁ።