ጉልበተኝነት በ«ታረቁ» አይፈታም

ይድረስ ለዝግጅት ክፍሉ፤

ተማሪ ተመታሁ፣ ተሰደብኩ ብሎ ሲከስ በየትምህርት ቤቱ የተለመደው ሁለቱንም ቢሮ ጠርቶ «ተጨባበጡ፣ ይቅር ተባባሉ» ማለት ነው። ይህ ለጠብ ይሠራል። ጉልበተኝነት ግን ጠብ አይደለም። በኖርዌይ የበርገን ዩኒቨርሲቲው የሥነ ልቦና ተመራማሪ ዳን ኦልዌየስ እንደለየው፣ ሆን ተብሎ፣ እየተደጋገመ፣ አቅም ባለው ልጅ በደካማው ላይ የሚፈጸም ጥቃት ነው። የተጠቃው ልጅ ዩኒት ሊደሩ ፊት ይጨባበጣል፤ ከበሩ ሲወጣ «አሳባቂ» ይባልና ዱላው ይብስበታል።

ስለዚህ ልጆቹ ለየብቻ ይጠየቁ፦ መጀመሪያ የተጠቃው፣ ቀጥሎ ያዩት፣ በመጨረሻ የተከሰሰው። ማን እንደተናገረ እንዳይታወቅ ምንም ያላዩ ሦስት አራት ልጆችም አብረው ቢጠሩ ይሻላል። መቀመጫ ወይም ሴክሽን መቀየር ካስፈለገ የሚነሳው አጥቂው ነው። የክፍል ኃላፊው መምህር ደግሞ ቢያንስ ለ6 ሳምንት፣ በሳምንት አንዴ፣ የተጠቃውን ልጅ ሰው በሌለበት ይጠይቅ። አብዛኛው ጉዳይ የሚያገረሽው «ተፈታ» ተብሎ ከተረሳ በኋላ ነው።

ልጅ በአፉ ላይናገር ይችላል። ምሳ ዕቃው ባዶ ሆኖ እሱ ግን ተርቦ ከመጣ፣ እስክሪብቶው በየጊዜው ከጠፋ፣ ሰኞ ሰኞ ጠዋት ሆዱን ካመመው፣ ሽንቱን ቋጥሮ ውሎ ቤት ሲደርስ ከሮጠ ወላጅ ይጠርጥር፤ ሽንት ቤት መምህር የማይደርስበት ቦታ ነው። ቀኑን፣ ቦታውንና የተባለውን ቃል በቃል ጽፎ ለመምህሩ በአካል ይንገር። በመገናኛ ደብተር አይላክ፤ ደብተሩ የሚውለው ልጆቹ በሚበረብሩት ቦርሳ ውስጥ ነው። በቴሌግራም የተላከ ስድብ ከመጥፋቱ በፊት ቀኑ እንደሚታይ ሆኖ ስክሪንሾት ይነሳ፤ ወላጆች ግሩፕ ላይ ግን አይለጠፍ። የሌላ ሰው ልጅ ስም እዚያ ከተነሳ ክርክሩ የወላጆች ይሆንና ልጆቹ ይረሳሉ። «አንተም መልሰህ ምታው» ማለትም አይጠቅምም። ከተሸነፈ ሁለተኛ ለቤቱ አይናገርም፤ ካሸነፈ እሱም ተደባዳቢ ተብሎ ይመዘገባል።

የአጥቂውን ወላጅ ትምህርት ቤቱ ራሱ ደውሎ ይጥራ። «ወላጅ አምጣ» ከተባለ አጎት ነኝ የሚል የሰፈር ጎረምሳ ይዞ የሚመጣ ሞልቷል። እውነተኛው ወላጅ ሲመጣም ቢሮ ውስጥ ቀበቶ እንዳይፈታ፣ መምህሩም እንዳያንበረክክ። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 36 ልጆች በትምህርት ቤት ከአካላዊ ቅጣት ነፃ እንዲሆኑ ደንግጓል። ደግሞም ጉልበት ያለው እንደሚመታ ልጁ ቀድሞውኑ ያውቀዋል።

የወላጅ፣ ተማሪ፣ መምህር ኅብረት ስብሰባዎች ጊዜያቸውን በክፍያ ጭማሪ ይጨርሳሉ። በቀጣዩ ስብሰባ ሁለት ጥያቄ ይግባ፦ በዕረፍት ሰዓት ከክፍሎቹ ጀርባና ሽንት ቤት በር ላይ ተረኛው ማነው? የሰርቪሷ ረዳትስ ለምን ከሾፌሩ ጎን እንጂ ከኋላ ወንበር አትቀመጥም?

የትምህርት ቤት አማካሪዎች፣ ከአዲስ አበባ