የልጄ ጥርስ ለምን ተነቀለ? ለከተማችን ጤና ቢሮ ኃላፊ

ክቡር ኃላፊ፣

በጽሑፍ አቤት ብያለሁ። ማመልከቻዬ መዝገብ ቤት ገብቷል፣ ማህተም አርፎበታል። መልስ ግን የለም። ስለዚህ ሰው ሁሉ እያነበበ እጠይቅዎታለሁ።

ልጄ 16 ዓመቷ ነው። የታችኛው መንጋጋ ጥርሷ ተቦርቡሮ ነርቩ ተቆጣ። ትኩስ ሻይ ከቀመሰች ብርጭቆውን አስቀምጣም ሕመሙ አይለቃትም። ጋደም ስትል ይብስባታል፤ ትራስ ተደግፋ ቁጭ ብላ ታነጋለች። መንግሥት ጤና ተቋም ወሰድኳት። አሞክሳሲሊን የሚባል አንቲባዮቲክ ታዘዘላትና "ስትጨርስ ይነቀላል" ተባልን። ኪኒኑ አለቀ፤ ሕመሙ ንቅንቅ አላለም። ጥርሱ ተነቀለ።

የተነቀለውን ጥርስ አየሁት። ቀዳዳው የምስር ፍሬ ቢያክል ነው። ሁለቱም ሥሮቹ ሙሉ ናቸው። ሌላ ሕክምና አልነበረም ወይ ስል "ሩት ካናል እዚህ አንሠራም" አሉኝ። ይህን የነገሩኝ ከነቀሉ በኋላ ነው!

እርስዎ መመሪያውን ያውቁታል። ነርቩ ተቆጥቶ ገና ላልሞተ ጥርስ አንቲባዮቲክ ሕመም አያስታግስም። የአሜሪካ የጥርስ ሐኪሞች ማኅበር እንኳን በ2019 እ.ኤ.አ. የሰውነት መከላከያቸው ደህና ለሆነ አዋቂዎች እንዳይታዘዝ መክሯል። መድኃኒቱን ጀርም እንዲለምደው ከማድረግ በቀር ምን ጠቀመን?

ጥርሱን ማዳኛ መንገድ ደግሞ ነበር። አንዱ ሩት ካናል ነው፤ ነርቩን ከነሥሩ አውጥቶ፣ አጽድቶ መሙላት። ሌላው ከላይ ያለውን የተቆጣ ነርቭ ብቻ ቆርጦ ማውጣትና ሥሩ ውስጥ ያለውን ጤነኛ ክፍል በልዩ ሲሚንቶ መድፈን ነው። ፐልፖቶሚ ይሉታል። ድሮ የሚሠራው በአብዛኛው ለልጆች ጥርስ ነበር፤ አሁን ለአዋቂም አማራጭ ሆኗል። ብዙ ጊዜ በአንድ ቀጠሮ ያልቃል። ለሁሉም ጥርስ እንደማይሆን አውቃለሁ። ለልጄ ይሁን አይሁን ግን ያየላት የለም።

አሁን ቦታው ባዶ ነው። ጎረቤቱ ጥርስ ወደ ክፍተቱ ሊያዘነብል፣ የላይኛውም ሊወርድ ይችላል። ሰው ሠራሽ ጥርስ ለማስተከል እኔ አቅሙ የለኝም።

መሣሪያ የለም ማለት ይቻላል። የማይቻለው ሳይናገሩ መንቀል ነው። ከመንቀል በፊት ለታካሚው ምርጫዎቹ ይነገሩት። እዚያ የማይሠራ ከሆነ የት እንደሚሠራ ተነግሮት ሪፈር ይጻፍለት። ይህ በጀት አይጠይቅም፤ የእርስዎ አንድ ደብዳቤ ይበቃዋል።

ለማመልከቻዬም በጽሑፍ መልስ እፈልጋለሁ።

የታካሚዋ እናት