አብሹንና ኪኒኑን አብራችሁ መርምሩልን

ለዝግጅት ክፍሉ፦

ሀዋሳ መናኸሪያ አካባቢ በሚገኝ አንድ መድኃኒት ቤት የምሠራ ፋርማሲስት ነኝ። ስለ ባህል መድኃኒት ምርምር የተጻፈ ነገር ካየሁ ሳላነብ አላልፍም። ግን ሁሌም አንድ ነገር ይጎድልብኛል። ተመራማሪው ቅጠሉን ያደርቃል፣ ይፈጫል፣ ንጥረ ነገሩን አውጥቶ ለአይጥ ይሰጣል። ከዚያ የአይጧ ስኳር ወረደ ይለናል። እሰየው። የእኔ ደንበኞች ግን ቅጠሉን ብቻውን አይወስዱትም። ከኪኒን ጋር ነው የሚወስዱት።

በቅርቡ አንዲት እናት የስኳር ሕመም ኪኒኖቻቸውን ሜትፎርሚንና ግሊቤንክላማይድ ሊገዙ መጡ። ማዘዣውን ሲያቀብሉኝ እጃቸው ይንቀጠቀጣል። ላብ በላብ ሆነዋል። ቶሎ ብዬ አስቀመጥኳቸውና ጣታቸውን ወግቼ ስኳራቸውን ለካሁ። 52 አለ፤ በጣም ወርዷል። ስኳር በውሃ በጥብጬ አጠጣኋቸው። ቀስ በቀስ ፊታቸው ሲመለስ፣

«እማማ፣ ዛሬ ምን ቀመሱ?» አልኳቸው።

«ኪኒኔን ዋጥኩ፣ አብሽ ጠጣሁ። ቁርስ አላሰኘኝም ልጄ። አብሹ ይይዘኛል።»

«አብሽ እንደሚጠጡ ለሐኪምዎ ነግረዋል?»

«ማን ጠየቀኝ? ደግሞ አብሽ እኮ ምግብ ነው!»

ይህን ብለው ከፌስታላቸው የሽፈራው ዱቄት አውጥተው አሳዩኝ። ማታ ማታ ደግሞ እሱን ያፈላሉ።

ግሊቤንክላማይድ ቆሽትን ኢንሱሊን እንድታመነጭ ይገፋፋል። ሰውየው በላ አልበላ አይልም። አብሽ ደግሞ ሌሊቱን ተዘፍዝፎ ጠዋት ሲመታ የምናየው ያ ዝልግልግ ነገሩ፣ የምግቡ ስኳር ከአንጀት ወደ ደም የሚገባበትን ፍጥነት ይቀንሳል። የደም ስኳር እንደሚያወርድም በሰዎች ላይ በተደረጉ ጥናቶች ታይቷል። እኚያን እናት ያንቀጠቀጣቸው አብሹ ነው ወይስ የቀረው ቁርስ? ወይስ ሁለቱም ከኪኒኑ ጋር ተደማምረው? በጣት ወግቼ ይህን መለየት አልችልም። ምርመራ የሚያስፈልገው እዚህ ጋ ነው።

ስኳር ብቻም አይደለም። ለልባቸው ዋርፋሪን የሚባል ደም የሚያቀጥን መድኃኒት የሚወስዱ ልጆች ይመጣሉ። አንድ ሳምንት ጎመን በየቀኑ ከበሉ፣ ጎመኑ ውስጥ ያለው ቫይታሚን ኬ የመድኃኒቱን ሥራ ያዳክመዋል። ጾሙ ተፈትቶ ጎመኑ ሲቀር ደግሞ ደማቸው ከሚፈለገው በላይ ይቀጥናል። በዚያ ላይ ለጉንፋን ብለው ነጭ ሽንኩርት በብዛት ከጨመሩ የመድማት አደጋው ይብሳል።

«የባህል መድኃኒት ይወስዳሉ?» ብዬ ስጠይቅ መልሱ «ኧረ በፍጹም» ነው። ሐኪም ይቆጣል ብለው ይፈራሉ። «ጠዋት ከቁርስ በፊት ምን ጠጡ?» ስላቸው ግን ሁሉም ይወጣል። አብሹ፣ ጥቁር አዝሙዱ፣ ግራዋው፣ ጤና አዳሙ። ስም ሳልጽፍ ኪኒኑንና አብሮት የሚወሰደውን በአንድ ደብተር ጎን ለጎን እመዘግባለሁ። ሙያ አጋሮቼም አጠያየቁን እንዲህ ቢለውጡት እመክራለሁ። ደቂቃ አይፈጅም።

ጸረ ቅጠል ነኝ ብሎ የሚያስብ እንዳይኖር። እኚያ እናት የሚውጡት ሜትፎርሚን ራሱ ዘሩ ከቅጠል ነው። ጋሌጋ የሚባል ተክል አለ። አውሮፓ ውስጥ ድሮ ሽንት ለሚያበዛ ሰው ይሰጥ ነበር፤ ሽንት ማብዛት የስኳር ሕመም አንዱ ምልክት ነው። ተክሉ ግን መርዝም አለው። በጎች በልተውት ይሞታሉ። ኬሚስቶች ከንጥረ ነገሩ ተነስተው ሜትፎርሚንን እ.ኤ.አ. በ1922 ሠሩት። ሕመምተኛ ላይ ሥራ መጀመሩ የተነገረው ግን በ1957 ነው፤ በፈረንሳዊው ሐኪም ዣን ስቴርን። ዛሬ መጠኑ በሚሊግራም ይታወቃል። ኩላሊቱ የደከመ ሰው እንዴት መውሰድ እንዳለበትም ይታወቃል። ለሽፈራው ዱቄት ይህን የሚነግረኝ የለም። አንዱ በሻይ ማንኪያ፣ ሌላው በእፍኝ ነው የሚያፈላው።

የእኛው ሳይንቲስት አክሊሉ ለማም ሥራውን የጀመረው ሰው የሚያደርገውን በማየት ነው። እ.ኤ.አ. በ1964 አድዋ ላይ ሴቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት ወራጅ ውሃ ዝቅ ብሎ፣ የቢልሃርዝያን በሽታ የሚያስተላልፉ ቀንድ አውጣዎች ሞተው አገኘ። ልብስ አጣቢዎቹን ባያይ ኖሮ እንዶድ ሳሙና ሆኖ በቀረ ነበር። ዛሬ ልብስ አጣቢዎቹ የእኔ ደንበኞች ናቸው። መድኃኒት ቤት በር ላይ ቆሞ የሚያያቸው ግን አላገኘሁም።

ስለዚህ ጥያቄዬ ለከተማችን ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ነው። የፋርማሲ ትምህርት ቤቱም ሆስፒታሉም እዚሁ ሀዋሳ ናቸው። የመመረቂያ ጥናት የምትመርጡ ተማሪዎች፣ አዲስ ቅጠል ፍለጋ ከመሄዳችሁ በፊት በአብሽና በሽፈራው ጀምሩ። ለስኳር ሕመምተኛው ከኪኒኑ ጋር ሲሰጡ፣ ፈቃዱን ጠይቃችሁ፣ በሐኪም ክትትል፣ ስኳሩን በየሰዓቱ እየለካችሁ። ምን ያህል ሲጠጣ ኪኒኑ መቀነስ አለበት? በስንት ሰዓት ይራራቁ? ነው ወይስ ምንም አይጎዳም? አይጎዳም ከሆነም ይነገረን፤ ሰው ያለ ስጋት ይጠጣ።

ደብተሬ ለምትጀምሩ ሁሉ ክፍት ነው። እስከዚያው የስኳር ኪኒን የምትወስዱ፣ ቁርስ ሳትበሉ ኪኒንና አብሽ አታገናኙ። ኪኒኑንም በራሳችሁ አታቋርጡ። የምትጠጡትን ለሐኪማችሁ ባይጠይቃችሁም ንገሩት።

ፋርማሲስቱ፣ ከሀዋሳ