ስለ ሆድ ድርቀት የጻፋችሁት ግማሹን ነው

ለጋዜጣው አዘጋጅ፣

ሰላም ለናንተ ይሁን። ባለፈው የጤና ገጻችሁ ላይ ስለ ሆድ ድርቀት ያወጣችሁትን አነበብኩ፣ ደስም አለኝ ተናደድኩም። ደስ ያለኝ ሰው ስለ ጨጓራው ሲያወራ ይውላል ስለዚህኛው ግን ትንፍሽ አይልም፣ እናንተ ደፍራችሁ ጻፋችሁ። ያናደደኝ ደግሞ ከላይ እስከ ታች ውሃ ጠጡ፣ አትክልት ብሉ፣ ተንቀሳቀሱ ነው፣ መድኃኒቱ ጋ ሲደርስ "ሐኪም ያማክሩ" ብሎ ዘጋው። እሺ አማከርን፣ ከዛስ?

እኔ እዚህ ሀዋሳ አስተማሪ ነኝ። በሳምንት 2 ቀን ሽንት ቤት ከሄድኩ ለኔ ትልቅ ነገር ነበር (ሐኪሞቹ በሳምንት ከ3 ጊዜ በታች ከሆነ፣ ካስማጠና ከደረቀ፣ ይሄም ለወራት ከቆየ ስር የሰደደ ነው ይላሉ)። የምሰራበት ትምህርት ቤት የመምህራን ሽንት ቤቱ መቀርቀሪያ የለውም፣ አንዷ ስትገባ ሌላዋ በር ትይዛለች፣ እና በቃ ይዞ መዋል ለመድኩ። ውሃማ እጠጣለሁ እኮ! ፓፓያው፣ ጎመኑ፣ እናቴ በየሳምንቱ የምትልከው ተልባ፣ ምን ያልሞከርኩት አለ።

ፋርማሲ ስሄድ ልጁ ገና በር ላይ ሲያየኝ ቢሳኮዲል ያወጣል። ፓኬቱ ላይ "ማታ 1" ብሎ በእስኪብርቶ ይጽፍና አለቀ። ይሄ መድኃኒት አንጀትን ቀስቅሶ እንዲገፋ የሚያደርግ ነው፣ ከተዋጠ በኋላ ከ6 እስከ 12 ሰዓት ባለው ጊዜ ውስጥ ይሰራል፣ ስለዚህ ማታ ተውጦ ጠዋት ነው መምጣት ያለበት። እኔን ግን ሌሊት 7 ሰዓት ላይ ሆዴን እየቆረጠ ያስነሳኛል። ለልጁ ስነግረው "ይለመዳል እህቴ" አለኝ፣ አልተለመደም።

ከዛ አንዱ ክሊኒክ ላክቱሎዝ አዘዙልኝ። አንጀት የማይፈጨው ስኳር ነው፣ ውሃ ስቦ ሰገራውን ያለሰልሳል፣ ለመስራት 1 ወይም 2 ቀን ይፈልጋል። መስራቱንስ ሰርቷል ግን አንጀት ውስጥ ያሉት ባክቴሪያዎች ስለሚያብላሉት ነፋኝ፣ የ60 ተማሪ ክፍል ፊት ቆሞ ሆድ ሲጮህ ምን ማለት እንደሆነ አስቡት። ሽሮፑ ደግሞ ከመጣፈጡ የተነሳ ጠዋት ስነሳ ጠርሙሱ ክዳን ላይ ጉንዳን ተሰልፎ ነው የማገኘው።

አሜሪካ ያለው ወንድሜ ይሄን ሰማና ሲመጣ ሊናክሎታይድ የሚባል ይዞልኝ መጣ። እዛ በ2012 በፈረንጆቹ የተፈቀደ ነው፣ አንጀት ውስጥ ፈሳሽ እንዲመነጭ ያደርጋል። ከቁርስ በፊት ቢያንስ 30 ደቂቃ ቀድሞ በባዶ ሆድ ነው የሚወሰደው፣ እኔ ግን ማን ነግሮኝ፣ እሁድ ጠዋት በቅቤ የራሰ ፍርፍር በልቼ ዋጥኩት። ቅባት ያለው ቁርስ ላይ ሲወሰድ የበለጠ እንደሚያስቀምጥ ያወኩት ከአቶቴ ወደ መናኸሪያ ባጃጅ ውስጥ ሆኜ ነው፣ ሹፌሩን "ወንድሜ በናትህ እዚህ ጋ አውርደኝ" ብዬ የማላውቀው ሰው ካፌ ሮጬ ገባሁ። ወንድሜ ደግሞ ሻንጣ እንዲቀለው ብሎ ከነብልቃጡ ማምጣት ትቶ በፌስታል ነው ያመጣው፣ እርጥበት ስለሚያበላሸው ከራሱ ብልቃጥ መውጣት የለበትም ለካ።

በመጨረሻ አንድ ሐኪም ጋ ደረስኩ። መጀመሪያ የጠየቀኝ "ሌላ የምትወስጂው መድኃኒት አለ?" ብሎ ነው፣ በ2 ዓመት ውስጥ ይሄን የጠየቀኝ የመጀመሪያው ሰው! ለደም ማነስ አይረን፣ ለማይግሬን አሚትሪፕቲሊን እወስድ ነበር፣ ሁለቱም ያደርቃሉ። ትራማዶልና ኮዴይንም እንደዛው ናቸው አለኝ። ደም አይተሽ ታውቂያለሽ፣ ክብደት ቀንሰሻል፣ ቤተሰብ ውስጥ የአንጀት ካንሰር አለ ወይ ብሎ ጠየቀኝ፣ የታይሮይድ ምርመራም አዘዘ። የማይግሬኑን ቀየረልኝና ማክሮጎል የሚባል ዱቄት ጻፈልኝ፣ 17 ግራም አንድ ብርጭቆ ውሃ ውስጥ በጥብጦ በቀን 1 ጊዜ። እሱም እንደ ላክቱሎዝ ውሃ ይዞ ነው የሚያለሰልሰው ግን ባክቴሪያዎቹ አያብላሉትም፣ ስለዚህ መንፋቱ ቀነሰልኝ። ሁለቱን ያነጻጸሩት ጥናቶች በ2010 በፈረንጆቹ ተሰብስበው ሲታዩም ማክሮጎሉ ነው የተሻለው። በ3ኛው ቀን ነው የሰራልኝ፣ የማይቸኩል ሰው ይፈልጋል። እንዲህ ባይሆን ኖሮ ፕሩካሎፕራይድ የሚባል ቀን በቀን 1 የሚዋጥ አለ፣ እሱ የአንጀቱን እንቅስቃሴ ራሱን ነው የሚያነሳሳው፣ መጀመሪያ ሰሞን ራስ ምታት አለው፣ እኔ ደግሞ ባለማይግሬን ነኝ፣ ሳልደርስበት ቀረሁ።

እና የምላችሁ፣ የጤና ገጹን የምታዘጋጁ ሰዎች ሐኪም ወይ ፋርማሲስት አስቀምጣችሁ የቱ በስንት ሰዓት ይሰራል፣ የቱ ከምግብ በፊት ነው፣ የቱ ይነፋል የሚለውን አስነግሩልን፣ ሐኪሙ ጋ ስንሄድ ምን እንደምንጠይቅ እንወቅ። ቦታ ከጠበባችሁ እንኳን ይቺን አንድ መስመር አስገቡልኝ፣ ቢሳኮዲል ከወተት ጋር አይወሰድም። ወተቱ የኪኒኗን ሽፋን ጨጓራ ውስጥ እያለ ያሟሟዋል፣ ለዛ ነው የሚቆርጠው። እኔ 2 ዓመት ሙሉ ማታ ማታ በአንድ ብርጭቆ ትኩስ ወተት ነበር የምውጣት።

አንዲት አስተማሪ፣ ከሀዋሳ