የደጀኗን ሴት ያስቀድሙልኝ

ይድረስ ለውድ አባቴ፣

እንዴት ከረሙ አባባ? ጉልበትዎን ተሻለዎት? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን።

በስልክ የማይያዝ ነገር ገጥሞኝ ነው የምጽፍልዎት። የልጅ ልጅዎን ለትዳር ሽማግሌ ልከው ጠይቀዋታል። ልጁ ጨዋ ነው፣ ወድጄዋለሁ። ችግሩ ዘሩ ከደጀን መሆኑ ነው። "ሰባት ቤት ሳይቆጠር አይሆንም" ስል ልጅቱ ሳቀችብኝ። "ዲኤንኤ እንመርመር እንዴ አባዬ?" አለች።

በእርስዎ በኩል አልተቸገርኩም። እሸት በቆሎ እየጠበስን በጣቴ አንጓ ያስቆጠሩኝ መቼ ይጠፋኛል! አንድ ስም ከዘለልኩ በቆሎውን ከእጄ ነጥቀው ፍሙ ላይ ይመልሱት ነበር። አያት፣ ቅድመ አያት፣ ምንዥላት እያልኩ ሰባተኛው ላይ ደረስኩ። ትንሽ ኮራ ብዬም ነበር።

ልጅቱ ወረቀት አወጣችና ማባዛት ጀመረች። ሁለት፣ አራት፣ ስምንት... ሰባተኛው ላይ 128 ሰው መጣ። "አንተ የቆጠርከው ከዚህ ውስጥ አንዱን ነው" አለችኝ። መልስ አጣሁ። የእርስዎን እናት እናት ስም እንኳን አላውቅም። "ትልቋ እማማ" ሲባሉ ብቻ ነው የሰማሁት።

የድሮ ሰው ግን እንዲህ አልነበረም። ርስት ሲጠየቅ በአባትም በእናትም እስከ አቅኚው አባት ድረስ ይቆጠር ነበር። አያትዎ የደጀኑን መሬት ዳኛ ፊት ተሟግተው የረቱት በሴት አያታቸው ቆጥረው መሆኑን ያጫወቱኝ እርስዎ ነዎት። ያኔ ሴቲቱ መሬት ይዛ ስለምትመጣ ስሟ አይረሳም። በ1967 ዓ.ም. መሬት የመንግሥት ሆነ፣ ሙግቱም ቀረ። ሴቶቹም ከአፋችን አብረው የወጡ ይመስለኛል። ስማችንም ቢሆን አያግዝም። መታወቂያዬ ላይ እኔ፣ እርስዎና አያቴ አለን። እናቴ የለችም።

እና ያቺ የደጀኗ ሴት እንቅልፍ ነስታኛለች። መሬቱ እዚያ ከነበረ ዘመዶቿም እዚያው ነበሩ ማለት ነው። የልጁ ወገኖች ከእሷ ወንድም ወይም እህት የሚወለዱ ቢሆንስ?

የጎረቤት ልጅ በስልኩ ይቅዳዎት። ሲደክምዎት ያቁሙ፣ በማግስቱ ይቀጥላሉ። ከሁሉ በፊት ግን የእሷን ስም፣ ከዚያ የወላጆቿንና የእህት ወንድሞቿን፣ ማን የት እንደተዳረ ጭምር ይንገሩት። ሽማግሌዎቹን ከፋሲካ በኋላ ተመለሱ ብያቸዋለሁ።

ልጅዎ