የቆሻሻ ጫኙ ደኅንነት የሚወሰነው በእኛ በር ላይ ነው

ለተከበሩ የጋዜጣው አዘጋጅ፣

ስለ አዲስ አበባ ጽዳት በቅርቡ ያወጣችሁትን ሐተታ በጥሞና አንብቤዋለሁ። ስለ ታጠቡት ጎዳናዎች፣ ከዋና መንገድ ዳር ስለተነሡት ገንዳዎችና ስለ አዳዲሶቹ መኪኖች የተጻፈው ዓይን ያየው ነውና አልከራከርበትም። ሐተታው የዘለለው ቆሻሻውን በእጁ የሚያነሣውን ሰው ነው። በዚህ ጉዳይ ላይ ሰሞኑን ካየሁት ተነሥቼ ጥቂት ብጽፍ ቦታ እንደማትነፍጉኝ ተስፋ አደርጋለሁ።

ፒያሳ አካባቢ የሚገኝ የአንድ ሕንፃ ኮሚቴ ጸሐፊ ነኝ። ሕንፃው ከታች ምግብ ቤቶችና ሱቆች፣ ከላይ ቢሮዎችና መኖሪያ ቤቶች አሉበት። ቆሻሻችንን በውል የሚያነሣልን አንድ አሮጌ አይሱዙ ያለው ቤተሰብ ነው። አባት ይነዳሉ፤ ታላቁ ልጅ ከአክስቱ ልጅ ጋር ሆኖ ከየበሩ እየተሸከመ ያቀብላል፤ ታናሹ መኪናው ላይ ቆሞ እየተቀበለ ይረግጣል፤ እናት ደግሞ ደንበኞቹን በስልክ ያስተናግዳሉ፣ ሒሳቡን ይይዛሉ፣ ሳይበላሽ የተገኘውን ካርቶንና ሃይላንድ በግቢያቸው ለይተው ለሚረከቧቸው ይሸጣሉ።

በዚህ ቤተሰብ ላይ ከነዋሪው አቤቱታ በዛ። መኪናው ያረፍዳል፣ በራችን ላይ የሚሸት ውሃ ያንጠባጥባል፣ ልጆቹም አንዳንዱን ማዳበሪያ «ይህን አናነሣም» ብለው ትተውት ይሄዳሉ ተባለ። በርካሽ የሚሠራ ሌላ ሰው አግኝተናል የሚልም አልጠፋም። ኮሚቴው ውሉን ከማፍረሱ በፊት አብሬያቸው ዞሬ ነገሩን ልይ ብዬ አባትዬውን ጠየቅኋቸው። «ጋቢናው ይጠባል እንጂ ምን ችግር አለው፣ ይምጡ፤ ብቻ ደህና ልብስ እንዳይለብሱ» አሉኝ።

ሥራው የሚጀመረው ከሌሊቱ አሥር ሰዓት ገደማ ነው። ሲነጋ መቆሚያ አይገኝም። ከአራት ኪሎ እስከ ፒያሳ ያለው መንገድ በኮሪደር ልማቱ ከታደሰ ወዲህ የእግረኛውና የብስክሌቱ መሄጃ ሰፍቷል፣ መብራቱም አምሯል፤ በዚህ ደስ የማይለው ያለ አይመስለኝም። ነገር ግን ሰፈሩ ሁሉ ቆሻሻ እያመረተ፣ ቆሻሻውን የሚጭን መኪና ለጥቂት ደቂቃ የሚቆምበት ቦታ በአብዛኛው ጎዳና ላይ ምልክት ተደርጎ አላየሁም። አባትዬው በቸርችል ጎዳና ሲወርዱ ሞተሩን ሳያጠፉ፣ ዓይናቸውን ከመስታወቱ ሳይነቅሉ ነበር የሚጠብቁት። ልጆቹም በሩጫ ይሠራሉ። በሩጫ የሚሠራ ሰው የሚያነሣውን ነገር ልብ ብሎ አያይም፤ ይህን ወደ ኋላ እመለስበታለሁ።

አይሱዙው ከተማው እንደገዛቸው ትልልቅ መኪኖች ቆሻሻ የሚጨምቅ ማሽን የለውም። ስፖንዳው በቆርቆሮ ተቀጥሎ ከፍ ተደርጓል እንጂ የሚጨምቀው የታናሹ ልጅ እግር ነው። ጭነቱ ካልተረገጠ ገና መንገዱ ሳይጋመስ ይሞላል፤ ያልተጠቀጠቀ ጭነት ይዞ እስከ ከተማዋ ቆሻሻ መድፊያ፣ እስከ ቆሼ፣ መሄድ ደግሞ የነዳጁን እንኳ አይመልስም። ልጁ ማዳበሪያ ሲወረወርለት ወዲያው አይረግጠውም። በመጥረጊያ እንጨት ይነካካዋል፣ ይነቀንቀዋል፣ ጆሮውን ይሰጠዋል። ካቃጨለ ጠርሙስ አለበትና ወደ ጥግ ይገፋዋል። ከብዶ ከረጠበ የምግብ ቤት ትራፊ ስለሆነ ወደ መሃል ይስበዋል። ቀሎ ከተንኮሻኮሸ የጫት ገረባ ነው፤ ለእግር የሚመቸው እሱ ነውና እየበተነ ያነጥፈዋል። ቦቲ ጫማውን አውልቆ ሲያሳየኝ ከውስጡ ከአሮጌ የመኪና ጎማ በእግሩ ልክ የተቆረጠ ሶል ደርቦበታል። የሶሉ የታችኛው ፊት በስንጥር ተበሳስቷል። በሱቅ የሚሸጠው ቦቲ ብቻውን ቢሆን ኖሮ እያንዳንዱ ብስ እግሩ ላይ ነበር የሚያርፈው።

«ጋሼ፣ ጠርሙስስ ግድ የለም፣ ድምፅ አለው» አለኝ። «መርፌ ነው የሚያስቸግረን።»

ስለ መርፌ ሲወራ አብዛኛው ሰው ሆስፒታልን ያስባል። ይህ ቤተሰብ ከሕክምና ተቋም ቆሻሻ አይወስድም። እነሱ የሚያገኙት መርፌ ከመኖሪያ ቤት የሚወጣ ነው፤ የስኳር ሕመም ያለባቸው ሰዎች ኢንሱሊን የሚወጉበት፣ ክዳኑ ተነቅሎ ከሽንኩርት ልጣጭና ከእንጀራ ፍርፋሪ ጋር በፌስታል የተጣለ። ታላቁ ልጅ ከዚህ በፊት እንዲህ ባለ መርፌ ጣቱን ተወግቷል። ጓንት አድርጎ ነበር። እዚህ ላይ «መከላከያ ልብስ ቢለብሱ ኖሮ» የሚለውን የተለመደ መልስ ማንሣት ያስፈልጋል። ጓንታቸውን አይቻለሁ፤ ፍሳሽ ይከላከላል፣ መርፌ ግን አያቆምም። መርፌ የሚያቆም ወፍራም ጓንት ያደረገ ሰው ደግሞ የማዳበሪያ አፍ ጨብጦ ትከሻው ላይ ማውጣት ይቸግረዋል። በተጠቀመበት ሰው ደም በተነካካ መርፌ የተወጋ ሰው ኤች አይ ቪን የሚከላከለውን መድኃኒት በ72 ሰዓት ውስጥ መጀመር እንዳለበት፣ የጉበት በሽታ አምጪው ሄፓታይተስ ቢ ደግሞ አስቀድሞ በክትባት እንደሚመከት ሐኪሞች ዘወትር ይናገራሉ። ለአዋቂ ሰው ክትባቱ በተለመደው አሰጣጥ ሦስት ጊዜ፣ በስድስት ወር ውስጥ ይሰጣል። ከመኪናው ጋር ከሚዞሩት አራት ሰዎች ክትባቱን አሟልቶ የወሰደ አልነበረም። የመንጋጋ ቆልፍ ክትባትም ቢሆን ታናሹ የወሰደው በልጅነቱ ብቻ ነው። መኪናው ቦሎ ከሌለው ከመንገድ ይወጣል፤ ጫኙ ተከትቦ እንደሆነ ግን የሚጠይቀው የለም፤ እኛም ውል ስንፈራረም አልጠየቅንም።

ሌላው ፍም ነው። ቡና የተፈላበት፣ ሥጋ የተጠበሰበት ከሰል ማታ አመድ መስሎ በፌስታል ይታሠርና ይጣላል፤ ውስጡ ግን እስከ ንጋት ድረስ እሳት ይዞ ሊያድር ይችላል። ወደ ብሔራዊ ቴአትር ስንቃረብ ከጭነቱ መካከል ጭስ ተነሣ። አባትዬው ዳር ይዘው ቆሙ፤ ልጆቹ በመንሽ ገለጥ ገለጥ አድርገው ከጋቢናው ኋላ ታስሮ ከሚዞረው ጀሪካን ውሃ ደፉበት፤ ገረባውና ካርቶኑ ሳይቀጣጠል ደረሱበት። ማንም አልጮኸም፣ ማንም አልደነገጠም፤ ጀሪካኑ ለዚሁ የተዘጋጀ መሆኑን የተረዳሁትም ያኔ ነው። ቀጣዩ ደንበኛ ጋ ስንደርስ ዘበኛው በር ከፍቶ «ዛሬም አረፈዳችሁ!» ብሎ ተቆጣ። አባትዬው «ይቅርታ ወንድሜ» ብለው ከማለፍ በቀር ስለ ጭሱ አላነሡለትም።

እንግዲህ የሕንፃችንን አቤቱታ ካየሁት ጋር ሳስተያየው ነገሩ ሁሉ ወደ መጣበት ተመለሰ። መኪናው የሚያረፍደው በየበሩ ያልታሠረ ማዳበሪያ ስለሚጠብቀው፣ የፈሰሰውን በአካፋ ማፈስና ፍም ማጥፋት ስለሚኖርበት ነው። የሚያንጠባጥበው ምግብ ቤቶቻችን ወጡንና አተላውን ሳያጠሉ ከነውሃው ስለሚጥሉት ነው። ልጆቹ ትተውት የሚሄዱት ማዳበሪያም ከመስኮት ቅያሪ የተረፈ የመስታወት ስብርባሪ በላዩ ላይ ልጣጭ ተደርጎበት የተቀመጠው ነበር። መስታወቱ በልጣጭ መሸፈኑ ባጋጣሚ እንዳልሆነ እገምታለሁ፤ ጫኞች መስታወት ካዩ እንደማያነሡ የሚያውቅ ሰው ያደረገው ይመስላል።

በርካሽ እሠራለሁ ስለሚለው ተወዳዳሪም አንድ ነገር ማለት እፈልጋለሁ። የዚህ ሥራ ወጪ ነዳጅ፣ ጎማ፣ ጥገናና የሰው ጉልበት ነው። ነዳጅ ለሁሉም አንድ ዋጋ ነው። ከዚያ በታች የሚጫረት ሰው የሚቆርጠው ወይ ከሠራተኛው ጓንት፣ ጫማና ደመወዝ ነው፤ ወይ ደግሞ ቆሼ ድረስ ሳይደርስ ጭነቱን በሌሊት ወንዝ ዳር እየደፋ ነው። የቀበናና የባንተይቀጡ ወንዞች ዳር በምን እንደቆሸሸ ለመጠየቅ ሩቅ መሄድ አያሻም። የዋጋ ማወዳደሪያ ቅጽ ላይ «ዝቅተኛው» የሚለውን አክብቦ መፈረም ቀላል እንደሆነ እኔም እንደ ሒሳብ ሠራተኛነቴ አውቀዋለሁ፤ በዚህ ሥራ ግን ልዩነቱን የሚከፍለው ሌላ ሰው ነው።

በሜክሲኮና በጦር ኃይሎች አድርገን ወደ ዘነበ ወርቅ የወጣነው ፀሐይ ከወጣች በኋላ ነው። ቆሼ ከ1950ዎቹ ጀምሮ የከተማዋን ቆሻሻ ሲቀበል የኖረ ስፍራ ነው። በ2008 ዓ.ም. በሰንዳፋ የተከፈተው ማስወገጃ በአካባቢው ገበሬዎች ተቃውሞ ዓመት ሳይሞላው ሲቆም ጭነቱ ተመልሶ ወደዚያው መጣ፤ መጋቢት 2 ቀን 2009 ዓ.ም. ክምሩ ተንዶ ከመቶ በላይ ሰዎች ሞቱ። በነሐሴ 2010 ዓ.ም. የተመረቀው የረጲ የኃይል ማመንጫ ቆሻሻ አቃጥሎ ኤሌክትሪክ ለማመንጨት የተሠራ ነው። እርጥብ ቆሻሻ በእሳት ውስጥ ብዙ ሙቀቱን ውሃውን በማትነን ስለሚጨርሰው ከደረቁ ያነሰ ኃይል እንደሚሰጥ፣ መስታወትም ጨርሶ እንደማይነድ ለማወቅ መሐንዲስ መሆን አያስፈልግም። እናትየው ከልጆቻቸው ላይ የሚረከቡት ካርቶንም በወጥ ከራሰ ዋጋ የለውም። ከውሉ ገንዘብ ይልቅ የልጆቹን የትምህርት ቤት ክፍያ የሚሸፍነው ካርቶኑና ሃይላንዱ መሆኑን ነግረውኛል። አለመለየታችን የሚጎዳው እግርና እጅ ብቻ አይደለም ማለት ነው።

መለየት አዲስ ነገር አይደለም። በ1999 ዓ.ም. የወጣው የደረቅ ቆሻሻ አያያዝ አዋጅ ቁጥር 513/1999 የቤተሰብ ኃላፊ የሆነ ሁሉ እንደገና ጥቅም ላይ የሚውለውን ከሚወገደው እንዲለይ ያዝዝ ነበር። እንደ አገራችን ብዙ ሕጎች ሁሉ ይህም በወረቀት ላይ ኖረ። በየቤቱ ተቆጣጣሪ ይቁም እያልሁ አይደለም፤ እሱ ሌላ ጣጣ ያመጣል። የቆሻሻ ሠራተኛ የሥራ ቦታው የእኛ ደጃፍ፣ የእኛ ደረጃና የእኛ ማዳበሪያ መሆኑን አምነን፣ ፋብሪካ ያለው ሰው ለሠራተኛው ሊያደርግ የሚገባውን ያህል እናድርግ ነው የምለው።

የእኛ ኮሚቴ ውሉን አላፈረሰም። ይልቁንም የተሰበረ ጠርሙስና መስታወት በካርቶን ታሽጎ «ስብርባሪ» ተብሎ ተጽፎበት ለብቻው እንዲቀመጥ፣ አመድ ውሃ ተደፍቶበት እንዲያድር፣ ምግብ ቤቶች ትራፊውን አጥልለው እንዲያወጡ ተስማምተናል። መርፌ የሚጠቀሙ ቤተሰቦች ደግሞ ባዶ የበረኪና ጠርሙስ ውስጥ ያጠራቅማሉ፤ ፕላስቲኩ ወፍራም ስለሆነ አይበሳም፣ ክዳኑም ይጠብቃል፤ ሲሞላ ወደ ጤና ጣቢያ እንጂ ወደ ማዳበሪያው አይገባም። ለጫኞቹ ክትባትና ጫማ የሚሆን ገንዘብም በወርኃዊው ክፍያ ላይ ተጨምሯል፤ ለየቤቱ ሲካፈል ከአንድ ማኪያቶ ዋጋ አይበልጥም። ይህን ስናጸድቅ አንድ የሦስተኛ ፎቅ ነዋሪ «እኔ ከፍዬ ደግሞ ልለይ?» ብለው ተቃውመዋል፤ እስካሁንም አልተስማሙም፤ ማዳበሪያቸውን ግን ልጆቹ በምልክት ያውቁታል።

የሚቀረው ከአንድ ሕንፃ አቅም በላይ ነው። በመሃል ከተማ አዳዲስ ጎዳናዎች ላይ የቆሻሻ መኪና በተወሰነ ሰዓት ሕጋዊ ሆኖ የሚቆምባቸው ቦታዎች ቢመደቡ ሥራው ከሩጫ ይወጣል። ቤት ለቤት የሚሰበስቡት ማኅበራት አባላትም ሆኑ እንደዚህ ቤተሰብ በግል ውል የሚሠሩት የሄፓታይተስ ቢ ክትባት የት፣ በምን ያህል ክፍያ ማግኘት እንደሚችሉ በግልጽ ሊነገራቸው ይገባል። ጋዜጣችሁ በሚቀጥለው ሐተታው ይህን የሚመለከታቸውን ኃላፊዎች ቢጠይቅልንና መልሱን ቢያወጣ፣ ስለ መኪኖቹ ብዛት ሲጽፍም በዓመቱ ስንት ጫኞች በመርፌና በስብርባሪ እንደተጎዱ መዝገብ የሚይዝ አካል መኖሩን አብሮ ቢያጣራ፣ እኛም ለኮሚቴያችን ስብሰባ የምናቀርበው ነገር እናገኛለን።

ከአክብሮት ጋር፣
የአንድ ሕንፃ ኮሚቴ ጸሐፊ
አራዳ ክፍለ ከተማ፣ አዲስ አበባ